«እኛ ጋ ችግር አይታይም»፦ የቤት ዋይፋይ ለምን ይቆራረጣል? የሚያስተካክለውስ ለምን ይጠፋል?

ጭራሽ የማይሠራ ራውተር ያን ያህል አያናድድም። መብራቱ ይጠፋል፣ ትመልሱታላችሁ፣ በሌላ ይቀየራል፣ አለቀ። ልብ አውልቅ የሚሆነው የሚሠራው ራውተር ነው። ጠዋት ደህና ነበር። ማታ የቪዲዮ ስብሰባ መሃል ላይ ሰዎቹ አፋቸውን ከፍተው ደርቀው ይቀራሉ። ስልኩ ላይ የዋይፋይ ምልክቱ ሙሉ ነው። ራውተሩ ላይ መብራቶቹ በሙሉ አረንጓዴ ናቸው። ኢንተርኔት ግን የለም። የጥሪ ማዕከል ትደውላላችሁ፣ ሙዚቃ እየሰማችሁ ትጠብቃላችሁ፣ ተራችሁ ሲደርስ ኢንተርኔቱ ተመልሷል። ባለሙያው መስመሩን ያይና «እኛ ጋ ምንም ችግር አይታይም» ይላል። እውነቱን ነው። በዚያች ደቂቃ ችግር የለም።

ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው እዚህች ላይ ነው። የቤት ዋይፋይን የሚያስቸግረው ብልሽት አብዛኛውን ጊዜ እየመጣ የሚሄድ ነው። የቴክኒክ ድጋፉ ደግሞ የተሠራው አሁን፣ በዚህች ደቂቃ ያለውን ለማየት ነው። ሁለቱ አይገናኙም። በዚያ ላይ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም መድኃኒት «አጥፍተው ያብሩት» ነው። ይህ መድኃኒት ደግሞ ሕመሙን ሲያስታግስ ማስረጃውን አብሮ ያጠፋል። እዚያ ላይ እንደርሳለን። መጀመሪያ ግን ምን እንደሚበላሽ እንይ። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ባለቤት የሌለው አየር

የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በ1985 2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ያለውን የሬዲዮ ሞገድ ማንም ያለ ፈቃድ ለመገናኛ እንዲጠቀምበት ወሰነ። ቦታው ቀድሞ ለኢንዱስትሪ፣ ለሳይንስና ለሕክምና መሣሪያዎች የተተወ ነበር። ማይክሮዌቭ ምድጃ የሚሠራውም እዚያው፣ 2.45 ጊጋኸርዝ ላይ ነው። ጫጫታ የበዛበት ስለሆነ አጥብቆ የሚፈልገው አልነበረም። የመጀመሪያው የዋይፋይ ደረጃ፣ ማለትም 802.11፣ በ1997 ሲወጣ ፍጥነቱ በሰከንድ 2 ሜጋቢት ነበር። ዋይፋይ እንዲህ ዓለምን ያዳረሰው ሞገዱ ነጻ በመሆኑ ነው። የሚቆራረጠውም በዚያው ምክንያት ነው። ፈቃድ በማይጠየቅበት ሞገድ ላይ «ጎረቤቴ ረበሸኝ» ብሎ መክሰስ አይቻልም።

2.4 ላይ ያሉት ቻናሎች እንደየአገሩ 11 ወይም 13 ናቸው። ብዙ ይመስላሉ። ግን በመካከላቸው ያለው ርቀት 5 ሜጋኸርዝ ብቻ ነው፤ አንድ ኔትወርክ ደግሞ 20 ሜጋኸርዝ ያህል ይይዛል። ስለዚህ እርስ በርስ ሳይነካኩ ሊሠሩ የሚችሉት ሦስት ናቸው፦ 1፣ 6 እና 11። ሕንጻ ላይ የምትኖሩ ከሆነ ስልካችሁ ላይ የዋይፋይ ዝርዝሩን ክፈቱና ስሞቹን ቁጠሩ። ያ ሁሉ ሰው እነዚህን ሦስት ቦታዎች ነው የሚሻማው።

ሽሚያው እንዴት እንደሆነ ማወቅ ይጠቅማል። አንድ ቻናል ላይ በአንድ ጊዜ መናገር የሚችለው አንድ ብቻ ነው። ሥርዓት ያለው ስብሰባ በሉት፤ ሁሉም መጀመሪያ ያዳምጣል፣ ሌላው እየተናገረ ከሆነ ይጠብቃል፣ ጸጥ ሲል ይናገራል። የጎረቤት ራውተርም፣ የጎረቤት ቴሌቪዥንም እዚሁ ስብሰባ ላይ ናቸው። ከሩቅ ክፍል ሆኖ በደካማ ሲግናል የሚያወራ አሮጌ ስልክ ደግሞ ተራ ሲደርሰው ያንኑ መልእክት ለመናገር ብዙ እጥፍ ጊዜ ይወስዳል። ሌላው ቆሞ ይጠብቀዋል። ዘመናዊ ላፕቶፕ ገዝታችሁ «ምነው ፈጣን አልሆነም?» የምትሉት ለዚህ ሊሆን ይችላል።

እንዲያውም ማንም ምንም ሳይልክ አየሩ ባዶ አይሆንም። እያንዳንዱ ራውተር በሰከንድ 10 ጊዜ ያህል «እኔ እዚህ አለሁ» እያለ ስሙን ይጠራል፤ ያውም በዝቅተኛ ፍጥነት፣ ሁሉም እንዲሰማው። አንዱ ለእንግዳ፣ አንዱ ለካሜራ እየተባለ አራት ስም የሚያሠራ ራውተር ጥሪውም አራት እጥፍ ነው።

«ታዲያ ዋይፋይ ወደሚሠራበት ሌላው ሞገድ፣ ወደ 5 ጊጋኸርዝ፣ አንሄድም?» መሄዱ ጥሩ ነው። ቻናሉ ይበዛል፣ ጫጫታው ይቀንሳል። ግን ግድግዳ አይወድም፤ ርቀቱም ያጥራል። ሌላም ጥቂት ሰው የሚያውቀው ጉድ አለው። ከ5 ጊጋኸርዝ ቻናሎች ብዙዎቹ የራዳር ሠፈር ናቸው፤ የአየር ጠባይ ራዳሮች አሉባቸው። ስለዚህ ሕጉ ራውተሩን «ራዳር ከሰማህ በ10 ሰከንድ ውስጥ ቻናሉን ለቅቀህ ውጣ፣ ለ30 ደቂቃም እንዳትመለስ» ይለዋል። ወደ ሌላ የራዳር ቻናል ከሄደ ደግሞ ከመናገሩ በፊት ቢያንስ 60 ሰከንድ ዝም ብሎ ማዳመጥ አለበት። አንዳንዴ ራዳር ሳይኖር ራውተሩ የሰማ ይመስለዋል። ቤት ውስጥ የምታዩት ምንድን ነው? ዋይፋዩ በድንገት ድርግም ይላል፣ ደቂቃ ገደማ ይቆያል፣ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ይመለሳል። ስትደውሉ ሁሉም ነገር ደህና ነው። ራውተሩ አልተበላሸም፤ ሕግ እያከበረ ነው። ይህንን ግን ለደንበኛ የሚነግር የለም። አረንጓዴ መብራቷም አትናገርም።

ሌላው ረባሽ ደግሞ ከማይጠበቅ ቦታ ይመጣል። ኢንቴል በ2012 ባወጣው ጽሑፍ ዩኤስቢ 3.0 የሚባለው መሰኪያና ገመዱ 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ጫጫታ እንደሚያወጣ አሳይቷል። ስለዚህ ፋይል መጠባበቂያ ሃርድ ዲስክ ከራውተሩ ጀርባ ሰክቶ ዲስኩን አጠገቡ ያስቀመጠ ሰው ፋይል በተገለበጠ ቁጥር የራሱን ዋይፋይ ሊያፍን ይችላል። ዲስኩ ሥራ ሲያቆም ዋይፋዩ ይመለሳል። እንዲህ ያለውን ብልሽት በስልክ ንግግር ማን ይደርስበታል?

ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር

ቁጥሩ ላም አለኝ በሰማይ ነው። «ኤኤክስ6000» የሚል ራውተር ስትገዙ 6000 ሜጋቢት በሰከንድ የሚሰጥ ይመስላል። ቁጥሩ የሚመጣው 5 ጊጋኸርዝ ላይ በወረቀት የሚቻለውን 4800 ገደማ እና 2.4 ላይ የሚቻለውን ወደ 1200 የሚጠጋ በመደመር ነው። የተለመደ የዋይፋይ 6 ስልክ ግን በአንድ ጊዜ የሚጠቀመው አንዱን ባንድ፣ ወይ 2.4ን ወይ 5ን፣ ነው። ሁለት አንቴና ያለው ስልክ በ80 ሜጋኸርዝ ስፋት ሲገናኝ በወረቀት የሚያገኘው ከፍተኛው 1200 ያህል ነው። ከዚህ ላይ ለማዳመጥ፣ ተራ ለመጠበቅና ደርሷል ለማለት የሚጠፋው ሲቀነስ ብዙ ጊዜ ከግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛው ይቀራል፤ ያውም ከራውተሩ አጠገብ ሆናችሁ።

ስለ ፍጥነት ይህን ያህል ይበቃል። ምክንያቱም ቤት ውስጥ ሰው የሚያማርረው፣ ምንም እንኳ «ቀረፈፈ» ብሎ ቢጠራውም፣ አብዛኛውን ጊዜ የፍጥነት ጉዳይ አይደለም። የመዘግየት ጉዳይ ነው።

ወረፋው

ጂም ጌቲስ የሚባል አንጋፋ የኮምፒውተር መሐንዲስ በ2010 ከቤቱ ትልልቅ ፋይል ወደ ውጭ ሲልክ የቤተሰቡ ኢንተርኔት በሙሉ እንደሚታነቅ አየ። ሰውየው የኤችቲቲፒ 1.1 ሰነድ ካዘጋጁት አንዱ ነው፤ ኢንተርኔት ምን እንደሆነ ያውቃል። ለካው። መልእክት ደርሶ እስኪመለስ ከሰከንድ በላይ ይፈጃል። ፍጥነቱ ግን አልወረደም። ምክንያቱን ሲከታተል የደረሰበት ነገር የሚያስቅ ነው። ማስታወሻ ቺፕ ስለረከሰ አምራቾች በየመሣሪያው ላይ ትልቅ መጠባበቂያ፣ ማለትም ዳታ ተራው እስኪደርስ የሚቆይበት ቦታ፣ ይጨምራሉ። ዳታ እንዳይጠፋ በሚል። ፋይል ሲላክ ያ መጠባበቂያ ጢም ይላል፤ ከኋላ የመጣው ትንሽ የድምፅ ጥሪ የፋይሉን ወረፋ ሁሉ መጠበቅ አለበት። ጌቲስ ለዚህ በሽታ በፈረንጅ ቋንቋ «በፈርብሎት» የሚል ስም አወጣለት።

መድኃኒቱ ቶሎ መጣ። ካትሊን ኒኮልስ እና ቫን ጄኮብሰን በ2012 ወረፋው እንዳይንዛዛ የሚቆጣጠር ዘዴ አቀረቡ። ከዚያ የዳበረው «ኤፍኪው ኮደል» የተባለው በ2018 የኢንተርኔት ደረጃዎችን በሚያወጣው አካል ሰነድ ሆኖ ታተመ። በነጻ ነው። ኦፕንደብልዩአርቲ በተባለው ክፍት የራውተር ሶፍትዌር ውስጥ አለ። ብዙ ሰው ቤት ያለው ራውተር ላይ ግን ወይ የለም፣ ወይ ተዘግቶ ነው የሚመጣው፣ ወይ «ለጌም» የሚል ስም ተለጥፎበት ውድ ሞዴል ላይ ይሸጣል። ይሄ ይገርመኛል። ካርቶን ላይ በቁጥር የማይጻፍ ነገር ስለሆነ ማንም አይቸኩልለትም።

አጥፍቶ ማብራት

አሁን ወደዚያ መድኃኒት እንምጣ። ማጥፋትና ማብራት የሚሠራበት ምክንያት አለው። ራውተር ትንሽ ኮምፒውተር ነው። ሶፍትዌሩ ውስጥ ጉድለት ካለ ማስታወሻው ቀስ በቀስ ይሞላል። ቤት ውስጥ ያለው ስልክና ካሜራ ሁሉ ከውጭ ጋር የሚያደርገውን እያንዳንዱን ግንኙነት የሚመዘግብበት ሰንጠረዥ አለው፤ እሱም ሊጨናነቅ ይችላል። ቻናል የሚመርጠውም ብዙ ጊዜ ሲነሳ ነው፤ ከዚያ በኋላ ጎረቤት ቢጨናነቅም እዚያው ተቀምጦ ሊቀር ይችላል። ሙቀትም አለ። ስታጠፉት ይህ ሁሉ ይጠራል፤ ከአገልግሎት ሰጪው ጋርም አዲስ ግንኙነት ይከፍታል። ቢሻለው አይገርምም።

ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ራውተሩ ምን እንደደረሰበት የሚጽፍበት መዝገብ አለው። «በዚህ ሰዓት መስመሩ ተቋረጠ፣ በዚህ ሰዓት ራዳር ሰማሁ፣ ይህ መሣሪያ መልስ አጣ» ይላል። አብዛኛው የቤት ራውተር ይህን መዝገብ የሚይዘው ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ በሚጠፋው ማስታወሻ ላይ ነው። ስለዚህ ማታ የሆነውን የሚያስረዳው ብቸኛ ወረቀት ገመዱን በነቀላችሁበት ቅጽበት የለም። ከዚያ ባለሙያው ከሩቅ ሆኖ ራውተሩን ሲያየው ገና የተነሳ፣ ንጹሕ፣ ጤነኛ መሣሪያ ያያል። በሦስተኛው ቀን እንደገና ይታመማል። እንደገና ይጠፋል፣ እንደገና ይበራል። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ።

በግንቦት 2018 የአሜሪካ የፌዴራል የምርመራ ቢሮ ኤፍቢአይ የቤትና የአነስተኛ ቢሮ ራውተር ያለው ሁሉ መሣሪያውን አጥፍቶ እንዲያበራ በይፋ ጠየቀ። ቪፒኤንፊልተር የሚባል ተንኮል አዘል ሶፍትዌር ቢያንስ በ54 አገሮች 500,000 ያህል መሣሪያዎች ውስጥ ገብቶ ተገኝቶ ነበር። የሚገርመው፣ ማጥፋትና ማብራቱ የሚያጸዳው ኋላ የሚጫኑትን ክፍሎች ነበር። መጀመሪያ የሚገባው ክፍል ግን ኤሌክትሪክ ቢቋረጥም እዚያው ይቀመጣል። ኤፍቢአይ የፈለገው ያ የቀረው ክፍል እንደገና ወደ ጌታው ሲደውል ጥሪውን ራሱ ተቀብሎ የትኞቹ መሣሪያዎች እንደተያዙ ማወቅ ነበር። ማለትም ማጥፋትና ማብራትን መረጃ ለመሰብሰብ ተጠቀመበት። የጥሪ ማዕከሎች በተቃራኒው መረጃ ለማጥፋት ይጠቀሙበታል፤ ሆን ብለው ባይሆንም።

ከስልኩ ማዶ

ጥሪው እንዲህ ነው የሚሄደው፤ የደወለ ሁሉ ያውቀዋል።

«ጤና ይስጥልኝ ደንበኛችን፣ ምን ልርዳዎት?»

«እህቴ፣ ኢንተርኔቱ ማታ ማታ እየተቆራረጠ ተቸገርኩ።»

«አሁን ይሠራል?»

«አሁንማ ይሠራል።»

«እሺ። ራውተሩን አጥፍተው አብርተውታል?»

«አዎ። ለጊዜው ይሻለዋል፣ ከዚያ ያው ነው።»

«አንዴ መስመር ላይ ይቆዩልኝ።» ሙዚቃ። «ስለጠበቁ እናመሰግናለን። ከእኛ በኩል መስመሩ ደህና ነው። እስቲ አንድ ጊዜ ደግመው አጥፍተው ያብሩልኝ?»

ልጅቷ ላይ መጮህ ይመጣል። ጨጓራ ይላጣል። ግን ከፊቷ ያለውን ስክሪን አስቡት። አገልግሎት ሰጪዎች ደንበኛ ቤት ያለውን ራውተር ከሩቅ የሚያዩበት ቲአር-069 የሚባል ደረጃ ከ2004 ጀምሮ አለ። በእሱ ወይም በመሰሉ በኩል መስመሩ ተገናኝቷል ወይ፣ ሲግናሉ ስንት ነው፣ ራውተሩ ከተነሳ ስንት ጊዜው ነው የሚለውን ታያለች። አብዛኛው የአሁን ፎቶ ነው። ትናንት ማታ 3 ሰዓት ላይ ሳሎን ውስጥ የነበረው አየር እዚያ ላይ የለም። የምትጨርሰው ደግሞ በጽሑፍ የተሰጣት የጥያቄ ቅደም ተከተል አለ፤ ከዚያ መውጣት አይፈቀድላትም። ከላይ ደግሞ አንድ ጥሪ በአማካይ ስንት ደቂቃ እንደፈጀባት የሚቆጥር አለቃ አለ። አጥፍቶ ማብራት በሁለት ደቂቃ ጥሪውን ይዘጋል፤ ብዙ ጊዜም ለጊዜው ይሠራል። በመዝገቧ ላይ «ተፈታ» ይባላል። በሦስተኛው ቀን ስትደውሉ የሚያነሳው ሌላ ሰው ነው፤ ብዙ ጊዜም ጥሪያችሁ አዲስ ጉዳይ ሆኖ ይከፈታል።

ስለዚህ ጥፋቱን እዚያች ልጅ ላይ መጫን ቀላል ቢሆንም ልክ አይመስለኝም። የሚለካው ጥሪ መዝጋት ከሆነ ጥሪ ይዘጋል። ችግሩ መፈታቱን የሚለካ የለም።

የማን ነው?

ሌላው የሚያናድደው ጣት መጠቋቆሙ ነው። አገልግሎት ሰጪው «እስከ ራውተሩ ድረስ ደህና ነው፤ ዋይፋዩን የራውተሩን አምራች ጠይቁ» ይላል። አምራቹ «ሶፍትዌሩን አድሱ፤ ካልሆነ አገልግሎት ሰጪያችሁን ጠይቁ» ይላል። ሁለቱም የማይጠሩት ሦስተኛ አለ፦ ስልኩና ላፕቶፑ።

ሰው ቤቱ ውስጥ ሁለት ሦስት የዋይፋይ ማሰራጫ ካስቀመጠ በኋላ መኝታ ቤት ገብቶ ስልኩ አሁንም ሳሎን ካለው ጋር ሙጭጭ ብሎ ሲቀር ራውተሩን ይረግማል። ግን ከየትኛው ጋር ልገናኝ የሚለውን በመጨረሻ የሚወስነው ስልኩ ነው። ማሰራጫው ሐሳብ ማቅረብ ይችላል፤ ማዘዝ ግን አይችልም። አፕል ባወጣው ሰነድ መሠረት አይፎን ሌላ ማሰራጫ መፈለግ የሚጀምረው ሲግናሉ ከነጌቲቭ 70 ዲቢኤም (ዲቢኤም የሲግናል ጥንካሬ መለኪያ ነው) በታች ሲወርድ ነው። እስከዚያ ድረስ፣ አጠገባችሁ የተሻለ ቢኖርም፣ ግድ የለውም። ሌሎች አምራቾች ሌላ መስፈርት አላቸው። ቤት ውስጥ ካሉት መሣሪያዎች ብዛት አንጻር ይህን አውቆ የሚያስተካክል ባለሙያ በስልክ አይገኝም።

ሕግ አውጪዎች በቅርቡ ነቅተዋል፤ ግን በሌላ በር ነው የገቡት። ጀርመን ከነሐሴ 2016 ጀምሮ ደንበኛው የፈለገውን ራውተር እንዲያስገባ ፈቅዳለች። ብሪታንያ ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ አምራቾች መሣሪያውን እስከ መቼ ድረስ በደኅንነት ማሻሻያ እንደሚደግፉ እንዲናገሩ ታስገድዳለች፤ ለሁሉም አንድ ዓይነት የሆነ የፋብሪካ ፓስወርድም ከልክላለች። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ደግሞ ዋና ዋና ግዴታዎቹ ከታኅሣሥ 2027 ጀምሮ ሲጸኑ በመርህ ደረጃ ቢያንስ የ5 ዓመት ድጋፍ ይጠይቃል። በአሜሪካ ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ ትልልቅ አገልግሎት ሰጪዎች የተለመደውን ፍጥነትና መዘግየት በግልጽ ሠንጠረዥ ማሳየት አለባቸው። ሁሉም ጥሩ ነው። በተለይ የድጋፍ ዘመኑ መነገሩ፣ ምክንያቱም ብዙ ራውተር የሚበላሸው ሳይሞት ነው፤ ማሻሻያ መቀበል ያቆምና ለዓመታት ያንኑ ጉድለት ተሸክሞ ይቀጥላል። ግን ከእነዚህ አንዱም ራውተሩ ምን ያህል ጊዜ ሳይቆራረጥ እንደሚሠራ አይጠይቅም። ሠንጠረዡም የአገልግሎት ሰጪውን መስመር እንጂ ሳሎናችሁን አያውቅም።

ማሻሻያ ራሱ አንዳንዴ ከድጡ ወደ ማጡ ነው። በ2012 ሲስኮ የተባለው ኩባንያ ለአንዳንድ የሊንክሲስ ራውተሮቹ በራሱ ጊዜ የተጫነ ማሻሻያ ላከ። ሰዎች የራሳቸውን ራውተር ገጽ ሊከፍቱ ሲሞክሩ በኩባንያው የክላውድ አገልግሎት ላይ አካውንት ክፈቱ ተባሉ። ቁጣው በረታና ኩባንያው ወደ ኋላ አለ። ያም ሆኖ ማሻሻያ አለመጫን አይሻልም።

ብልሽቱን በቦታው መያዝ

እንግዲህ ብልሽቱ እየመጣ የሚሄድ ከሆነ፣ ሲመጣ መያዝ ነው ያለባችሁ። ይህን የሚያደርግላችሁ ሌላ ሰው የለም።

መሣሪያው ማንኛውም ኮምፒውተር ላይ ያለው ፒንግ የሚባለው ትእዛዝ ነው፤ ትንሽ መልእክት እየላከ መልሱ እስኪመለስ ስንት ሚሊሰከንድ እንደፈጀ ያሳያል። ላፕቶፑን ዋይፋይ ላይ አድርጋችሁ ሁለት የትእዛዝ መስኮት ክፈቱ። አንዱ ወደ ራውተሩ አድራሻ ይላክ፤ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ነው፣ ከራውተሩ ሥር የተለጠፈው ወረቀት ላይ ታገኙታላችሁ። ሌላው ወደ ውጭ፣ ለምሳሌ ወደ 8.8.8.8 (የጉግል አድራሻ ነው) ይላክ። ተዉትና ሥራችሁን ሥሩ። ሲቆራረጥ መስኮቶቹን እዩ።

የራውተሩ መስኮት 3፣ 4፣ 3፣ 5 ሚሊሰከንድ እያለ ሲሄድ ቆይቶ 3፣ 310፣ 780፣ መልስ የለም፣ 4 ካለ ችግሩ ቤት ውስጥ ነው፤ አየሩ ወይም ራውተሩ። ለአገልግሎት ሰጪው መደወል ጊዜ ማባከን ነው። የራውተሩ 3፣ 4፣ 3 እያለ ቆሞ የውጭው ብቻ ከዘለለ ችግሩ ከራውተሩ ወዲያ ነው። የዘለለው አንድ ሰው ቪዲዮ ሲጭን ወይም ፋይል ሲልክ ብቻ ከሆነ ግን ያ የጌቲስ ወረፋ ነው፤ መስመሩን አትውቀሱ። ሁለቱም ደህና ሆነው ገጽ አልከፈት ካለ የዌብሳይት ስምን ወደ ቁጥር አድራሻ የሚቀይረው አገልግሎት፣ ዲኤንኤስ፣ ሊሆን ይችላል። ይህን ፈተና በስልክ አትሥሩት፤ ስልክ ባትሪ ለመቆጠብ በየመሃሉ ስለሚያንቀላፋ ጤነኛ ዋይፋይ ላይም ከፍ ያለ ቁጥር ያሳያል።

ከተቻለ ደግሞ አንድ ኮምፒውተር በኬብል ከራውተሩ ጋር አገናኙ። ዋይፋዩ ሲቆራረጥ ኬብሉ ካልተቆራረጠ ክርክሩ አለቀ።

ቤት ውስጥ ከሆነ የሚደረገው ብዙ አይደለም። ራውተሩን ከቁም ሣጥንና ከቴሌቪዥን ጀርባ አውጡት፤ ከፍ ያለ ቦታ ላይ፣ ወደ ቤቱ መሃል። 2.4 ላይ ስፋቱን 20 ሜጋኸርዝ አድርጉ፤ ቻናሉን ከ1፣ 6 ወይም 11 ምረጡ። ደቂቃ እየጠፋ የሚመለሰው 5 ጊጋኸርዝ ከሆነ የራዳር ሠፈር ወዳልሆነ ቻናል፣ ለምሳሌ ወደ 36 ቀይሩት። የማይንቀሳቀስ ነገር ሁሉ፣ ቴሌቪዥንም ዴስክቶፕም፣ በኬብል ይሁን፤ የቀረው አየር ለስልኮች ይተርፋል። ርካሽ የዋይፋይ ማጉያ ከመግዛታችሁ በፊት ደግሞ ይህን እወቁ፦ በአንድ ሬዲዮ የሚሠራ ማጉያ እያንዳንዱን ነገር ሁለት ጊዜ ስለሚናገር ፍጥነቱ በግማሽ ገደማ ይወርዳል። ሲግናሉ ሞልቶ ኢንተርኔቱ ሲንቀራፈፍ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው እሱ ነው።

ችግሩ ከራውተሩ ወዲያ ሆኖ ካገኛችሁት ግን ደውሉ። ከመደወላችሁ በፊት ራውተሩን አትንኩት። ገጹን ከፍታችሁ መዝገቡን ቅዱ፤ ካልተቻለ ስክሪኑን በስልክ ፎቶ አንሱ። የተቋረጠበትን ሰዓት ጻፉ፤ «ማታ ማታ» አትበሉ፣ «ማክሰኞ ከምሽቱ 2:40 እስከ 2:52» በሉ። «ዋይፋይ» የሚለውን ቃል አታንሡ፤ ካነሣችሁት ወደ ዋይፋይ ጥያቄዎች ይወስዷችኋል። «በኬብል የተገናኘ ኮምፒውተር ላይ ነው የሚቋረጠው» በሉ። ይህች ዓረፍተ ነገር ከቅደም ተከተሉ ግማሹን ትዘላለች። የጉዳይ ቁጥር ተቀበሉና ለሁለተኛ ደረጃ ባለሙያ እንዲተላለፍ ጠይቁ። አጥፍታችሁ አብሩ ብለው ሲያዟችሁ «አጠፋዋለሁ፤ መጀመሪያ ግን የመስመሩን ስህተት ቆጣሪ አሁን እያየሽ መዝግቢልኝ» በሏት። ቆጣሪው ራውተሩ ሲነሳ ብዙ ጊዜ ከዜሮ ይጀምራል፤ እሷም ይህን ታውቃለች።